ከጨርቁ ጀርባ

ለፊልም ሳምንት አዲስ አበባ እንድሄድ መመረጤ በተሰማ ጊዜ ጂንካ ውስጥ ምክር የሌለው ሰው ጠፋ። ከመካሪዎቼ መካከል የፊልም ሳምንት የሚባል ነገር አይቶ የሚያውቅ አልነበረም፤ ይህ ግን ማንንም ዝም አላሰኘም። አንዳንዱማ አዲስ አበባንም አያውቃትም። የእሱ ምክር ደግሞ ከሁሉም ይረዝማል።

ነገሩን የነገረኝ የአውራጃው የቅስቀሳ ክፍል ኃላፊ ጓድ ተፈሪ ነው። ከወዳጅ አገሮች የመጡ ፊልሞች ሳምንቱን ሙሉ በዋናው ከተማ ይታያሉ፤ ከእነሱ ጋር ከጥቂት ዓመት በፊት አልዱባ ገበያ ላይ የተነሳው አጭር ፊልም ይቀርባል፤ ስለዚህ ከቀረጻው ቦታ አንድ የሰፊው ሕዝብ ተወካይ እንዲገኝ ታዟል አለኝ። ተወካዩ እኔ የሆንኩት ፊልሙ ሲነሳ አስተርጓሚ ስለነበርኩ ነው። ጓድ ተፈሪ ራሱ እንዳይሄድ ደግሞ ሚስቱ ልትወልድ ቀርባ ነበር።

«ሲጨበጨብ አጨብጭብ» አለኝ። «ግን ቀድመህ አትጀምር፤ ከሰው በኋላም አታቁም።»

«መሐል ላይ ነዋ» አልኩት።

«መሐል ላይ ያለ ሰው ተጠይቆ አያውቅም» አለኝ። ከሰማኋቸው ምክሮች ሁሉ ሥራ ላይ የዋለ የሚመስለው ይሄ ብቻ ነበር።

ዳርጌ የጭነት መኪና ረዳት ነው፤ መርካቶ ደርሶ ተመልሷል። ፎቅ ቀና ብለህ እንዳታይ፣ ፎቅ የሚያይ ሰው ኪሱን አያይም አለኝ። ኪሴ ውስጥ የሚወሰድ ነገር እንደሌለ ብነግረው፣ ሌባው ያንን የሚያውቀው እጁን ከከተተ በኋላ ነው አለ። ባለ ሆቴሏ ወይዘሮ ያለምወርቅ የሟች ባለቤታቸውን ኮት ከሳጥን አውጥተው አለበሱኝ። ናፍታሊን ናፍታሊን ይላል። ሰውየው ከእኔ የሰፉ ስለነበሩ ስራመድ ኮቱ ትንሽ ዘግይቶ ይከተለኛል። ሲኒማ ቤት ውስጥ አጠገብህ ለተቀመጠው ሰላምታ እንዳትሰጥ፣ እዚያ ሰው ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣል እንጂ አይተዋወቅም አሉኝ። ታዲያ ምን ላድርግ ስላቸው፣ ወደ ፊት እያየህ ዝም በል አሉ።

ጋሽ ጎሳዬ ደግሞ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ በየጓዳው የሚያጸልዩን ሽማግሌ ናቸው። የእሳቸው ጭንቀት ሌላ ነው።

«ኃጢአት ሲመጣ ዓይንህን ጨፍን» አሉኝ።

«ማለፉን በምን አውቃለሁ ጋሼ?»

ትንሽ አሰቡ። «ሰው መሳቅ ሲያቆም ግለጠው» አሉ።

ሁሉንም እሺ አልኩ። የምሄድበትን ጉዳይ ግን ለማንም አልተናገርኩም። የምሄደው አንዲት ሴት ለማየት ነበር። ሚስቴን አስካልን። ከሞተች ዓመት አልፏታል።

ወባ ነው የወሰዳት፤ በዝናቡ ወራት፣ መንገድ በተቆረጠበት ሰሞን። ፎቶግራፍ ተነስታ አታውቅም። ፎቶ የሚነሳው መታወቂያ የሚያወጣ ሰው ነው፤ እሷ ደግሞ ማን እንደሆነች የሚጠይቃት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ያውቃታል። እናም ከሞተች በኋላ ፊቷ ይጠፋብኝ ጀመር። መጀመሪያ የጠፋው አፍንጫዋ ነው። ከዚያ አገጯ። ድምጿን አውቀዋለሁ፤ በጨለማ ብትጠራኝ አቤት እላለሁ። ፊቷን ላስታውስ ስል ግን የሌላ ሴት ፊት ይመጣብኛል፤ ብዙ ጊዜ የቀበሌያችን ገንዘብ ያዥ። ገንዘብ ያዧ መልካም ሴት ናት፤ ቢሆንም ሰው በሐዘኑ ሰዓት እሷን ማየት አይፈልግም።

የአልዱባው ፊልም በተነሳበት ቀን አስካል ገበያው ውስጥ ነበረች። እኛ አሪዎች ቡናውን ለነጋዴ እንሸጥና ገለባውን ቆላ እናወርደዋለን፤ ሐመርና በና የሚያፈሉት ገለባውን ነው። እሷም ገለባዋን ከፊቷ ከምራ በቅል ትሰፍራለች። እኔ ከካሜራው ጎን ቆሜያለሁ። ከአዲስ አበባ የመጣው ካሜራ ያዥ «ማንም ወደ መሣሪያው እንዳያይ ንገርልኝ» አለኝ። በአሪኛም በበንኛም ተናገርኩ። ሕዝቡ በጣም ታዘዘ፤ ሁሉም መሬት መሬት አየና ገበያው ቀብር መሰለ። አስካል ብቻ ቀና ብላ አየች። ሄጄ ነገርኳት። የሆነ ነገር መለሰችልኝ።

«ምን አለች?» አለ ካሜራ ያዡ።

«እሺ ብላለች» አልኩት።

እንደገና አነሳ፤ እንደገና አየች። ያኔ ተናደደና «ይቺ ሴትዮ ታበላሽብኛለች፤ ትቆረጣለች» አለ። መቆረጥ በእነሱ ሥራ ምን ማለት እንደሆነ ገና አላወቅኩም ነበር፤ ደንግጬ ከፊቱ ቆምኩ። ሳቀና አስረዳኝ፤ ከፊልሙ ትወጣለች ማለት ነው።

ወጥታ ይሁን ቀርታ አላወቅኩም። ፊልሙ ጂንካ አልመጣም። ለእኛ የሚመጡልን የትራክተርና የወደብ ፊልሞች ናቸው። የፊልም መኪናዋ አልፎ አልፎ ስትመጣ የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ሁለት ግንድ ይተከልና ነጭ ጨርቅ ይወጠራል፤ ጄነሬተሩ ይነሳል፤ እኔ የድምፅ ማጉያ ይዤ ከጨርቁ ጠርዝ እቆምና የሚባለውን በአሪኛ እናገራለሁ። ትራክተር ሲመጣ «ይሄ በሬ ነው፣ ሣር አይበላም» እላለሁ። መርከብ ሲመጣ የምለውን እንደ ቀኑ ነው የምወስነው።

ሕዝቡ በሁለቱም በኩል ይቀመጣል። ከፊት በኩል ባለሥልጣኑ፣ አስተማሪው፣ ተማሪው። ከደጋ ወርዶ ገበያ አምሽቶ የሚመጣው ደግሞ ቦታ ስለማያገኝ ከጨርቁ ጀርባ። ሥዕሉ ጨርቁን አልፎ ከዚያም በኩል ይታያል፤ ተገልብጦ ነው እንጂ። ጽሑፉ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የኛ ሰው ደግሞ ወደ ፊትም ቢሄድ ስለማያነበው ቅር አይለውም። ኋላ ኋላ ከፊት ቦታ ቢኖርም ጀርባ የሚመርጥ በዛ። የማሽኑ ብርሃን ዓይን አይወጋም፤ ያጨበጨበና ያላጨበጨበ አይለይም። አስካልና እናቷ እማማ ቦሼ ሁልጊዜ እዚያ ነበር የሚቀመጡት። ፊልም ማለት ለእነሱ ከጀርባ የሚታየው ነው።

እማማ ቦሼ አሁን ከእኔ ጋር ይኖራሉ። ልጃቸው ፊልም ላይ ልትኖር ትችላለች ብዬ አልነገርኳቸውም። ተቆርጣ ከሆነ ሁለት ጊዜ መቅበር ይሆናል። እሳቸው ግን የሚታየው የአልዱባው ፊልም መሆኑን ከዳርጌ ሰምተዋል፤ መስማታቸውን እኔ አልሰማሁም እንጂ። ማለዳ የጭነት መኪናው ላይ ስወጣ ኮቱን ትከሻዬ ላይ አስተካከሉልኝና «በሰላም ግባ» አሉኝ።

ወይጦ ስንደርስ ወንዙ ሞልቶ ቆየን። ሹፌሩ ወንዝና ሴት አይጣደፍም አለ። ስለ ወንዙ ሳይሆን አይቀርም የሚያውቀው። ብርድ ልብሴን ጭነቱ ላይ ዘርግቼ ውሃውን ሳይ፣ ሳምንቱ እያለቀ መሆኑን ሳስብ፣ ጎድሎ ተሻገርን። ከአርባ ምንጭ ወዲያ አውቶቡስ ነው። አዲስ አበባ የገባሁት ፊልሙ በሚታይበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር። ፎቅ አላየሁም። ያየሁት የሰው ጀርባ ነው፤ በዚያ ከተማ ሰው ሁሉ ቀድሞህ እየሄደ ነው። መንገድ የጠየቅኳቸው ሁሉ ቆመው አሳዩኝ፤ ማንም ግን ከየት መጣህ አላለኝም። ጂንካ ውስጥ ከየት መጣህ ሳይባል ውሃ እንኳ አይሰጥም።

ሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ስደርስ ሰልፉ ሕንፃውን ዞሮታል። ለአልዱባ ገበያ ይህን ያህል ሰው መውጣቱ ልቤን ነካው። ወዲያው ግን ሁለት ልጃገረዶች የሕንድ ዘፈን ሲያንጎራጉሩ ሰማሁ። በኋላ እንደገባኝ ያን ቀን ዋናው ፊልም የሕንድ ነው፤ የእኛው የሚታየው ሰው ቦታ ቦታውን እስኪይዝ ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ሁሉ ይወቀው፤ ሰልፍ ያየ ሁሉ ሰው ለእሱ የተሰለፈ አይምሰለው።

የጥሪ ወረቀቴን ለበረኛው ሰጠሁት። ውባየሁ ይሉታል፤ ባለ ቆብ፣ የደከመው ሰው ነው። አየውና መለሰልኝ።

«የተጋባዦች በር ተዘግቷል። ባለሥልጣኖች ከገቡ በኋላ አይከፈትም።»

«በዚህኛው ልግባ።»

«ሞልቷል አባቴ። መተላለፊያው ላይ እንኳ ተቀምጠዋል።»

«ግድ የለም» አልኩት፤ «ከጨርቁ ጀርባ እቀመጣለሁ።»

ውባየሁ በትክክል የሰማ አልመሰለውም። ደገምኩለት። ፊልሙ በሚያርፍበት ጨርቅ በወዲያኛው በኩል፣ ለእኔ እዚያ ይበቃኛል አልኩት። ከኋላዬ ያሉት ሳቁ። አንዱ «ፋራ ጉድ አመጣ» አለ። ውባየሁ አልሳቀም። ከየት ነው የመጣኸው አለኝ። በዚያ ከተማ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው ነው። ጂንካ አልኩት። «እዚያ እንደዚያ ነው የሚታየው?» አለ። «ግማሻችን» አልኩት።

አንዲት ሴት መጥረጊያዋን ይዛ በሩ አጠገብ ቆማ ታዳምጠን ነበር። ጥሩብርሃን ትባላለች፤ አዳራሹን የምትጠርገው እሷ ናት።

«እዚያ ሰው አይቀመጥም» አለችኝ።

«እንግዲያው አልሞላም ማለት ነው» አልኳት።

ውባየሁን አየችው፤ ውባየሁ ወደ ሰልፉ ዞረ፤ አላየሁም ማለቱ ነው። በጎን በኩል፣ በቆሻሻ ገንዳው አልፋ፣ በጠባብ የብረት በር አስገባችኝ። ባልዲዋንና መጥረጊያዋን የምታስቀምጥበት ቦታ ነው። ከፊቴ ጨርቁ እንደ ቤት ግድግዳ ቆሟል፤ ከጂንካው በብዙ ይበልጣል፤ ድምፅ እንዲያልፍ በጥቃቅን ቀዳዳ ተበስቷል። ከሥሩ ጎተራ የሚያህሉ የድምፅ ማጉያዎች ቆመዋል። ጥሩብርሃን ባልዲ ደፍታ አስቀመጠችኝና «ያደነቁርሃል» ብላኝ ወጣች።

ከጨርቁ ወዲያ ማዶ ያ ሁሉ ሕዝብ ይንጫጫል፤ ወንበር ይንቋቋል፤ የሆነ ሰው ይስላል። ከወዲህ እኔና ባልዲው ነን። ጂንካ ከጀርባ የተቀመጠ ሰው ብቻውን ሆኖ አያውቅም፤ ልጅ ይተኛበታል፤ ባቄላ ያቀብሉታል፤ የጎረቤቱ ፍየል ሳይቀር ትመጣለች። መብራቱ ሲጠፋ ወዲያ በኩል ያሉት አብረው ዝም አሉ። እኔ ቀድሞውንም ዝም ብያለሁ።

ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ ፈስሶ መጣ። ሥዕሉ ፈዘዝ ያለ ነው፤ ይታያል ግን። አቧራው መጣ፤ ፍየሎቹ መጡ፤ የገበያው ትልቅ ዛፍ መጣ። አንድ ሰው ጥርት ባለ አማርኛ ስለ ገበያ ትስስር ይናገራል፤ ድምፁ ከእግሬ ሥር ስለሚወጣ የተቀመጥኩበት ባልዲ ይንቀጠቀጣል። አንድ የሐመር ጎረምሳ በእንጨት መቀመጫው በበርኩማው ላይ ተቀምጦ ሲታይ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ምኑ እንዳሳቃቸው አልገባኝም። ጎረምሳውን አውቀዋለሁ፤ ቀልደኛ አይደለም። መሬት መሬት የሚያዩት ሻጮች አለፉ። ፍየሎቹ ተመለሱ። ሰውየው ማጠቃለያ የሚመስል ነገር መናገር ጀመረ፤ ተቆርጣለች ብዬ እጄን ጉልበቴ ላይ አሳረፍኩ።

በዚያን ጊዜ መጣች።

የገለባው ክምር መጀመሪያ፤ ከዚያ ቅሉ፤ ከዚያ እሷ። አፍንጫዋ ይሄ ነበር። እንዴት ረሳሁት? አስካል ግራኝ ናት። ልጅ ሳለች እማማ ቦሼ ግራ እጇን በጨርቅ አስረው ሞክረዋል፤ አልሆነም። እኔ በተቀመጥኩበት በኩል ግን በቀኟ ነው የምትሰፍረው። እናቷ ያቃታቸውን ጨርቁ አቃንቶታል። ቅሉን ሞላች፤ ቀና አለች፤ አየችኝ። ጨርቅ ላይ ያለ ሰው ጀርባ የለውም፤ በየትኛውም በኩል ብትቆም ወደ አንተ ነው የሚያየው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። የሰውየው አማርኛ ድምጿን ሸፍኖታል፤ ስለ ገበያ ትስስር ያወራል። ምን እንዳለች የሚያውቅ ግን በዚያ አዳራሽ እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን ቀን ለካሜራ ያዡ ያልተረጎምኩለት ነው።

«እኔ የእነሱን መሣሪያ አላየሁም» ነበር ያለችው። «አንተን ነው የማየው። አንተ ከዚያ ዞር በልላቸው።»

ከዚያ ፍየል መጣ። አለቀ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ከማን ቀድሜ እንደማቆም የማየው ሰው አልነበረም፤ አላጨበጨብኩም።

የሕንዱ ፊልም ሲጀምር ወጣሁ። ጥሩብርሃንን ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የእኛው ፊልም ሌላ ቀን ይታይ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«የቱ? የፍየሉ?»

«የፍየሉ።»

«እሱማ ሰው እስኪቀመጥ ነው ወንድሜ። ነገ ሌላ ያመጣሉ።» ከዚያ ፊቴን አየችና ቦታ ለቀቀችልኝ። «ሰው ነበረህ እንዴ እዚያ ውስጥ?» አለችኝ።

ሚስቴ ናት አልኳት። የት ነው ያለችው አለች። ነገርኳት። ውስጥ ዘፈኑ ቀለጠ። ሕዝቡ አብሮ ሲዘፍን እስከ ደረጃው ድረስ ይሰማል። ሰው በማያውቀው ቋንቋ ይህን ያህል ሲዘፍን ስሰማ፣ አስተርጓሚ የማያስፈልገው ሥራም አለ አልኩ ለራሴ።

በመመለሻው አውቶቡስ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ፊቷን ጠራሁት። ወዲያው መጣ፤ አፍንጫውም አገጩም ሳይጎድል። ደስ አለኝ። ከዚያ ሌላ ቀን ልጥራ አልኩ፤ የተጋባንበትን። መጣች፤ በቀኟ ትሰፍራለች። ወንዝ ዳር ያየኋትን ጠራሁ፤ በቀኟ ትሰፍራለች። የታመመችበትን እንኳ ሞከርኩ። ያቺው ናት፤ ያው ቅል፤ ያው አቧራ። ገንዘብ ያዧ ሄዳለች፤ በእሷ ቦታ የተቀመጠችው ግን ይቺ አንዷ ብቻ ነች፤ ሌሎቹን አስካሎች አላስገባ አለቻቸው። ወይጦን ስንሻገር ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። ጠጠሩ ይታያል።

ጂንካ ስገባ መካሪዎቼ ተሰበሰቡ። ሁሉም የጠየቁኝ ምክራቸው ሠርቶ እንደሆነ ነው፤ ሠርቷል አልኳቸው። ወይዘሮ ያለምወርቅ ኮቱን አሸተቱና ወደ ሳጥኑ መለሱት። ጋሽ ጎሳዬ ዓይኔን ጨፍኜ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ በአውቶቡስ ላይ ጨፍኛለሁ አልኳቸው።

እማማ ቦሼ ሰዉ እስኪሄድ በቆሎ እየፈለፈሉ ጠበቁ። ከዚያ ቀና ሳይሉ «ነበረች?» አሉኝ።

«ነበረች።»

«ከስታለች?»

«አልከሳችም። ያኔ አልታመመችም እኮ።»

ለአማቱ ደስ እንዲላት የሚዋሽ ወንድ አይተዋል መሰለኝ። «በየትኛው እጇ ነበር የምትሰፍረው?» አሉ።

«በቀኟ።»

እጃቸው በቆሎው ላይ ቆመ። የፈለፈሉትን አዩ፤ ያልተፈለፈለውን አዩ። ወደ እኔ አላዩም። ለሌላ ሰው ቢሆን ብዙ ማስረዳት ይጠይቅ ነበር።

«ከጨርቁ በየት በኩል ተቀምጠህ?» አሉ በመጨረሻ።

«ከጀርባ።»

በቆሎው እንደገና ወደ ሰፌዱ መውደቅ ጀመረ። «እንግዲያው እሷ ናት» አሉ።

በቆሎው ሲያልቅ ሰፌዱን ወደ ግድግዳው ገፉና እግራቸውን ሰብስበው ተቀመጡ፤ ሜዳው ላይ ፊልም ሊጀመር ሲል እንደሚቀመጡት።

«በል ንገረኝ» አሉ፤ «ከመጀመሪያው።»

በአሪኛ ጀመርኩ። አቧራውን አመጣሁ፤ ፍየሎቹን አመጣሁ፤ ዛፉን ተከልኩ። የሰውየውን አማርኛ ዘለልኩት። የሐመሩን ጎረምሳ በርኩማው ላይ አስቀመጥኩት፤ ማንም አልሳቀበትም። አስካል ጋ ስደርስ ቀስ አልኩ። ፊልሙ ውስጥ የቆየችው ሰው ውሃ ጠጥቶ ጣሳውን እስኪመልስ ነው። እኔ ግን ቅሉን አስሞላኋት፤ አስደፋኋት፤ ገዢ አመጣሁላት። ገዢው አነሰ አለ፤ እሷ መለሰችለት። እማማ ቦሼ ጨምሪለት አሉ፤ ጨመረችለት። ሌላ ገዢ አመጣሁ። በግራዋ ሰፈረችለት። ክምሩ እስኪያልቅ፣ ጥላው እስኪረዝም፣ ገበያው እስኪበተን ድረስ እዚያው አቆየኋት።

ከተበተነ በኋላ ግን የምተረጉመው አላገኘሁም።